እርካብ ለእግር፣ ቁልፍ ለጣት

ለአዊ ሰው ስለ ፈረስ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰለፉት የአገው ፈረሰኞች የእርካባቸው ጠፍር ቢረዝም ያሳጥሩታል፣ ቢያጥር ያስረዝሙታል፤ እርካብ ለእግር ይለካል እንጂ እግር ለእርካብ አይቆረጥም። ዛሬ ይህን የፈረሰኛ ሕግ ይዤ ወደ ቢሮ ጠረጴዛ ልዝለቅ። እዚያ ጣቶቻችን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጋልቡት ኪቦርድ የሚባል ዕቃ አለ። እሱን ግን እንደ መጣልን ነው የምንጋልበው፤ እርካቡን የሚነካ የለም። የዛሬው ወጌ መነካት አለበት የሚል ነው።

የቁልፎች ቦታ የሰው ውሳኔ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት «ይህ ቶሎ ቶሎ ይፈለጋል፣ ይቅረብ፤ ያኛው አልፎ አልፎ ነው፣ ይራቅ» ብሎ ፈርዷል። የጣቶቻችን ማረፊያ መካከለኛው ረድፍ ነው፤ «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ ያሉት ትናንሽ ጭረቶች ጣት ሳያይ ቤቱን እንዲያገኝ የተቀመጡ ምልክቶች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ከላይ ጫፍ ወዳለው ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 የተደረደረ ረድፍ ለመድረስ ሦስት ረድፍ መውጣት ያስፈልጋል። በመደበኛ ኪቦርድ ከአንድ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ርቀቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጣት ብቻውን አይደርስም፤ መላው እጅ ከቤቱ ይወጣል፣ ዓይንም አብሮት ይወርዳል። ይህ ርቀት ደግሞ ድሮ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የኤፍ ቁልፎች 10 ነበሩ፤ የተደረደሩትም በግራ በኩል በሁለት ዓምድ፣ ከኮንትሮል ቁልፍ ጎን ነበር። ቁጥራቸው 12 ሆኖ ወደ ላይ የወጡት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንዴ ከቦታው የተነሳ ዕቃ ዳግም ቢነሳ ምን ነውር አለው?

«ማን ይፈልጋቸዋል?» የሚል ይኖራል። የተማሪ ሮስተር የሚሠራ መምህርና ፔሮል የሚያዘጋጅ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጓቸዋል። በኤክሴል ኤፍ 2 የተጻፈውን ሳያጠፉ ለማረም፣ ኤፍ 4 ደግሞ በቀመር ውስጥ የዶላር ምልክት አስገብቶ አንዱን ሕዋስ በቦታው ለማሰር ያገለግላሉ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን እነዚህ ቁልፎች ሁለት ጌታ አላቸው። ኤፍ 2ን የተጫነ ሰው ሕዋሱ ይከፈታል ሲል የስክሪኑ ብርሃን ይደበዝዛል ወይም ድምፁ ይቀንሳል። እንደ ታሰበው እንዲሠራ ከታች በግራ ጥግ ያለውን «ኤፍኤን» አብሮ መያዝ ግድ ነው። አንድ እጅ ታች፣ ሌላው ላይ፤ ለአንድ ትእዛዝ ሁለት እጅ ማለት ነው።

የእኛ ጉዳይ ግን ከኤፍ ረድፍም ይከፋል፤ ፊደላችን ራሱ ሩቅ ነው። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ በኪቦርድ ላይ ፊደልና ምልክት የሚጽፉት ቁልፎች 50 አይሞሉም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ይኸው ጣጣ ነበር። ኮምፒውተር ጣጣውን ያቃለለው ተነባቢውንና አናባቢውን በተከታታይ በማስመታት ነው፤ የተረፈውን ሸክም በሺፍት ላይ፣ ማለትም በትንሿ ጣት ላይ ጣለው። በተለመዱት ፕሮግራሞች «ት» ያለ ሺፍት፣ «ጥ» በሺፍት ይጻፋል፤ «ን» እና «ኝ» እንዲሁ። የአዊ ቋንቋ በሆነው አውኚኛ ላይ ስንደርስ ሌላ ፊደል ይጨመራል። ከ«ገ» የተወለደው፣ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የሚወክለው የ«ጘ» ዘር ነው። የቋንቋው ስም በራሱ ቋንቋ «አውጚ» ተብሎ ሲጻፍ ይህን ፊደል ይፈልጋል። ፊደሉ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ከአማርኛው ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ገብቷል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል። ለአማርኛ ብቻ ታስቦ በተሠራ የመተየቢያ ፕሮግራም ላይ ግን ቦታ ቢያጣ አይገርምም፤ አማርኛ አይፈልገውማ! ታዲያ ጸሐፊው ምን ያደርጋል? ቅርብ ያገኘውን «ኚ» ወይም «ንጊ» ይጽፋል። ሩቅ የተቀመጠ ፊደል ቀስ በቀስ የማይጻፍ ፊደል ይሆናል።

አሁን ደግሞ ማረፊያው ረድፍ ላይ፣ ከ«ኤ» ፊደል ጎን፣ በግራ ትንሽ ጣት ሥር የተንሰራፋውን ቁልፍ እንመልከት። ካፕስ ሎክ ነው። ሥራው የላቲንን ትልልቅ ፊደል መቆለፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ለአማርኛም ሆነ ለአውኚኛ ጸሐፊ ይህ ቁልፍ በቤቱ ምርጥ መደብ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠ እንግዳ ነው። እንዲያውም ያጠፋል፤ ሳይታወቅ ከተነካ «ት» የነበረው «ጥ»፣ «ን» የነበረው «ኝ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በአንጻሩ በቀን ስንት ጊዜ የምንፈልገው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ያስይዛል። እንግዳውን አስነስቶ ባለ ሥራውን ማስቀመጥ ይቻላል። በማክ ኮምፒውተር ካፕስ ሎክን የቋንቋ መቀየሪያ የማድረግ ምርጫ አብሮ ይመጣል፤ ለዊንዶውስ ደግሞ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የአንዱን ቁልፍ ሥራ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ሰው ሁሉን ይለምዳል» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ጣት ይለምዳል። ነገር ግን ልማድ ድካሙን ያስረሳል እንጂ አያስቀረውም፤ በአጭር እርካብ መጋለብ የለመደ ሰው ጉልበቱ መታመሙን አይተውም። «ዘመኑ የስልክ ነው» ለሚሉም፣ መልእክቱ በስልክ ቢጻፍ ፔሮሉ፣ የፈተና ወረቀቱና የወረዳው ሪፖርት አሁንም የሚሠሩት በኪቦርድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር ሁለት ሦስት ሰው ይፈራረቅበታል፤ እያንዳንዱ በየፊናው ቁልፍ ቢያዛውር የባቢሎን ግንብ ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። መልሱ ግን ምንም አለመንካት ሳይሆን ጥቂት ነገር በስምምነት መንካት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ኤፍኤንና ኢስኬፕን አንድ ላይ በመጫን የኤፍ ረድፍ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ይህ አንድ። ካፕስ ሎክ የቋንቋ መቀየሪያ ይሁን፤ ይህ ሁለት። የ«ጘ» ዘር ለአውኚኛ በተዘጋጀ የመተየቢያ ፕሮግራም ይጻፍ፣ ቦታውም በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው አንድ ዓይነት ሆኖ በቁልፉ ላይ ይለጠፍ፤ ይህ ሦስት። ሦስቱም አዲስ ዕቃ አያስገዙም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ ከሥራ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። «አውጚ» ብላችሁ ጻፉ። ጣታችሁ ከቤቱ ሳይወጣ ከጨረሰ እርካባችሁ ልክ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ፍለጋ መዞር ከጀመረ ግን ጠፍሩን ማሳጠር ያለባችሁ እናንተው ናችሁ፤ የኪቦርዱ ፋብሪካ ያንን ፊደል አያውቀውም።