መሐንዲስና የኅብረተሰብ ጥናት
(ወገል ጤና ላይ ለኮሌጅ ተማሪዎችና ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ሲሚንቶና ብረት ሲቆጥር የሚውል ሰው ስለ ሶሲዮሎጂ ምን አገባው የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለዚህ ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት ጥቂቶቹ የእኛው ሙያ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰርና ኢጣሊያዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በምድር ባቡር መሐንዲስነት ሠርተዋል። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ፍሬዴሪክ ለፕሌ ደግሞ ከየሠራተኛው ቤት ገብቶ የቤተሰቡን ገቢና ወጪ በዝርዝር እየመዘገበ፥ ስለ አውሮፓ ሠራተኞች የጻፈውን መጽሐፍ በ1855 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እንግዲህ የገባነው ከዘመድ ቤት ነው።

ተማሪው ከዚህ ትምህርት ምን ይዞ ይውጣ? የሊቃውንቱን ስም በቃል መያዝ ለፈተና ይበጃል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ቁም ነገር፥ ሰው መልስ የሚሰጠው ለጥያቄው ብቻ ሳይሆን ለጠያቂውም ጭምር መሆኑን ማወቅ ነው።

በዚህ በደላንታ ወይም በላስታ ደጋ፥ መጠይቅ የያዘ ተማሪ ከአንድ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፥ «አያ፥ ስንት ከብት አለዎት?» ቢል፥ «እግዜር የሰጠን አለች» ከሚል መልስ ብዙም አያልፍም። ሽማግሌው መቁጠር አቅቷቸው አይደለም። በዕድሜያቸው ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ወይ ግብር ሊጥል፥ ወይ መሬት ሊደለድል፥ ወይ እርዳታ ሊያድል የመጣ ነበር። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ ወዲህ፥ ከመዝገብ መግባትና አለመግባት ምን ማለት እንደሆነ ለወሎ ሰው የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ ለግብር ሲጠየቅ ከብቱ ያንሳል፤ ለእህል ሲጠየቅ ቤተሰቡ ይበዛል። ይህን «ውሸት» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ ገና አልተማረም። እኛ ደግሞ በዚያው ቁጥር ላይ ተማምነን የጉድጓዱንና የመስኖውን ንድፍ እናወጣለን!

ማንን እንደሚጠይቅም ማወቅ አለበት። የቀበሌው ሊቀመንበር ስም በወረቀት ላይ አለ፤ የቅሬው ዳኛ ስም ግን የለም። ሆኖም በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ በሚቀባበርባቸው ቦታዎች፥ ከቅሬ መወገድን የማይፈራ ሰው የለም። ለውኃው ፓምፕ ጥገና ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበር ስናቋቁም ይህን የኖረ ማኅበር አልፈን ሌላ እንፈጥራለን፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

የላሊበላው ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የቆሙት የብረት መጠለያዎች ዝናብን ለመከላከል የታሰቡና ለጊዜው የተባሉ ነበሩ። ዓመታት አለፉ፤ መጠለያዎቹም እንደ ቆሙ ቀሩ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ፥ ካህናቱም ጭምር፥ መጠለያዎቹ ለአብያተ ክርስቲያናቱ አደጋ ሆነዋልና ይነሡ፥ ጥገናም ይደረግ ብሎ አደባባይ ወጣ። የምሰሶው ክብደትና የነፋሱ ግፊት በስሌት የሚመረመር ነገር ነው፤ ሙያችንም ያን ያውቅበታል። ነገር ግን ለመሐንዲሱ ቅርስ የሆነው ድንጋይ ለካህኑ ዘወትር ቅዳሴ የሚቀደስበት መቅደስ ነው። «ለጊዜው» የሚለውም ቃል በውል ወረቀት ላይ ቀጠሮ ነው፤ ለነዋሪው ግን የተገባ ቃል ኪዳን ነው። ይህን ልዩነት የሚያሳይ ቀመር በምህንድስና መጻሕፍታችን አላገኘሁም።

ስለዚህ ለክረምት ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች የቅየሳ መሣሪያቸውን ከመትከላቸው በፊት አንድ ሳምንት ከምንጩ ዳር ከውኃ ቀጂዎች ጋር እንዲውሉ አሳስባለሁ። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ፥ ወረፋውን ማን እንደሚዳኝ፥ ጠብ የሚነሣውም በስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ማኅበራችን ለዚህ የሚሆን የመስክ ደብተር ቢያሳትም፥ ወጪው ከአንድ ቴዎዶላይት ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።