ጎርባቾቭ ማርሻሎቹን እንዴት ቻሏቸው?

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ካቀረብኩት ንግግር)



የአገር የጸጥታ ፖሊሲ ሲነሳ ብዙዎቻችን “ይሄ የወታደር ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?” እንላለን። እኔ ግን ፖሊሲውን የሚቀይረው የፖለቲካ መሪው ነው ባይ ነኝ፤ እንዴት እንደሚቀይረው ማወቅ ደግሞ ያገባናል። ለዚህ ከሚካኤል ጎርባቾቭ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ጎርባቾቭ በማርች 1985 ሥልጣን ሲይዙ የተረከቡት አገር አፍጋኒስታን ውስጥ ይዋጋል፣ ከአሜሪካ ጋር በኑክሌር ይፎካከራል። ታዲያ መጀመሪያ የነኩት ሚሳይሉን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። ምዕራባውያን “አቶ እምቢ” የሚሏቸውን፣ 28 ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩትን ግሮሚኮን በጁላይ የርዕሰ ብሔርነት ማዕረግ ሰጥተው በክብር ገለል አደረጓቸው። ቦታው የዲፕሎማሲ ልምድ ለሌላቸው ጆርጂያዊ፣ ለሸቫርድናዜ ተሰጠ። በእኔ ግምት የተፈለጉትም ልምድ ስለሌላቸው ነው።

መከላከያው ግን ከባድ ነበር። ማርሻሎቹን ማን ይነካል? ሜይ 28 ቀን 1987 ማቲያስ ሩስት የተባለ የ18 ዓመት ምዕራብ ጀርመናዊ ወጣት በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሄልሲንኪ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ ራዳርና ተዋጊ ጄት አልፎ ክሬምሊን ደጃፍ ዱብ አለ። ጉድ ነው! ዓለም ሳቀ፤ ጎርባቾቭ ግን ተጠቀሙበት። በ2 ቀን ውስጥ መከላከያ ሚኒስትሩ ሶኮሎቭና የአየር መከላከያው አዛዥ ተሰናበቱ። ያዞቭ የሚባሉ ጄኔራል ተተኩ። ይህን ስም ያዙልኝ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከሬገን ጋር የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎች ውል ተፈረመ። (አሜሪካ በ2019 ከውሉ ወጥታለች።) በውሉ መሠረት ሶቭየት 1,846 ሚሳይል ስታጠፋ አሜሪካ ያጠፋችው 846 ነው። ማርሻሎቹ ብቻቸውን ቢጠየቁ ይህን ሂሳብ ይቀበሉ ነበር? ዲሴምበር 7 ቀን 1988 ደግሞ ጎርባቾቭ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ከማንም ምላሽ ሳይጠብቁ 500,000 ወታደርና 10,000 ታንክ እንቀንሳለን አሉ። ብልሃቱ መድረኩ ላይ ነው፤ ዓለም የሰማውን ቃል ማን ይመልሰዋል? የኤታ ማዦር ሹሙ የማርሻል አክሮሜየቭ ስንብት የተሰማውም በዚያው ዕለት ነው።

ወሬው ለእኛም ሩቅ አልነበረም። የደርግ ታንክና ሚግ የሚመጣው ከሞስኮ ነበር። እዚያ ፖሊሲው ሲለወጥ እዚህ የመሣሪያው ቧንቧ ጠበበ። ደርግ የወደቀው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ በጦር ሜዳ ተሸንፏል። ነገር ግን የእኛ ልጆች በሚያልቁበት ጦርነት ስለ ጥይቱ የሚወስነው የሰው አገር መሪ ነበር። እኛን የጠየቀን የለም።

አሁን ወደ ያዞቭ ልመለስ። በ1989 አዲሱ የሶቭየት ሸንጎ ሚኒስትሮቹን አንድ በአንድ ሲመረምር ያዞቭን አፋጠጣቸው። ሹመቱ የጸደቀው በጭንቅ ነው፤ ቆመው የተሟገቱላቸውም ራሳቸው ጎርባቾቭ ናቸው። “ሰውዬ የእኔ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ” የሚለው ስሜት ለመሪዎች ክፉ በሽታ ነው መሰለኝ። 2 ዓመት አለፈ። በኦገስት 1991 ጎርባቾቭ ክራይሚያ ላይ በቁም ሲታሰሩ፣ ሞስኮ ውስጥ ታንኮቹን ያስገቡት መከላከያ ሚኒስትሩ ያዞቭ ነበሩ።