ስለ ዘወትር አመጋገብና ስለ ሰውነት ጤንነት



ልጃችን ከተማ ከርሞ ወፍሮ ሲመለስ «ደላው፤ ተመቸው» እያልን ደስ ይለናል። የረኃብን ዘመን ያየ ሰው ውፍረትን እንደ ጸጋ ቢቈጥረው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ከውፍረት በስተኋላ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ተከትለው ሊመጡ ይችላሉና ነገሩን መርምረን ልናውቀው ይገባናል።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን ከአገራችን ልጆች የተገኘ ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል አገር ተሻገሩ፤ አብዛኞቹም የጎንደር ገጠር ሰዎች ነበሩ። ሐኪሞች በመረመሯቸው ጊዜ አዲስ የደረሱት ሰውነታቸው ቀጭን፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው እምብዛም የማይገኝ ነበር። ጥቂት ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ግን በሽታው እየበዛ ሄደ። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው። በጤፍ፣ በማሽላና በጥራጥሬ ፈንታ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና ቅባት በዛ፤ ማረስና በእግር መሄድም ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ብቻውን የሚያሳምም ወይም ብቻውን የሚያድን አንድ ምግብ አለመኖሩን ነው። ለበዓል ቀን የተበላው ጮማ አይደለም፤ ይልቁንም በየቀኑ ሳይታወቅ የሚጨመረው ነው የሚጎዳው። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ግራም ስኳር አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ለአንድ ትልቅ ሰው የቀኑ ስኳር ሁሉ ተደምሮ ከ50 ግራም ያህል እንዳይበልጥ፤ ጨውም ከ5 ግራም፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዲያንስ ይመክራል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ልጆች የእናታቸውን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የድኻ ምግብ ነው ብለው እንዳይንቁ አስተምሯቸው። ነገር ግን በማደግ ላይ ያለውን ልጅ «ምግብ ቀንስ» አትበሉት፤ ለከሳው ሕፃን እንቁላልና ወተት ቢገኝለት መልካም ነው። እናንተም አባቶች፤ ልጃችሁ ወፍሮ ሲመጣ «ምን እየበላህ፣ ምን እየሠራህ ትውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሄዶ የደሙን ግፊትና ስኳር እንዲያስመረምር ምከሩት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ደዌም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ ጤንነትም የሚጠበቀው በየዕለቱ ማዕድ ነው።