መሬትና መተማመኛ
(ለገጠር መሬት አስተዳደር ኮሚቴዎች አባላት በዳንግላ የተደረገ ንግግር)



የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬት መሸጥንና በወለድ አገድ ማስያዝን ከለከለ። ይሁን እንጂ በርስት ይተዳደር በነበረው በጎጃም ዋናው ጥያቄ «ዛሬ የማርሰው ነገም የእኔ ነውን?» የሚል ነበር። በርስት ዘመን የዘር ሐረግ እየተቆጠረ ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ከአዋጁ በኋላ የተደረገው ሽግሽግም ሆነ የ1989 ዓ.ም. ድልድል ይህን ሥጋት አላስወገደም።

ነገ ይነጠቃል ብሎ ለሚሠጋበት ማሳ እርከን የሚሠራ፣ ዛፍም የሚተክል ገበሬ ጥቂት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የታደለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው የሚሰፍርበት በመሆኑ፣ ለዚህ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነው።

በፋግታ ለኮማ አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ የገብስ ምርት ባነሰ ጊዜ ገበሬው ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። አምስት ዓመት የሚጠብቅ ሰው በይዞታው የተማመነ ነው። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የገባው የዛፍ በሽታ ግን በአንድ ተክል ብቻ መደገፍ እንደማያዛልቅ አስተምሮናል።

መተማመኛ ማጣት የሚያስከትለውን በጎረቤታችን በመተከል አይተናል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ወገኖች በጣና በለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ሲሠፍሩ፣ መሬቱን እያፈራረቀ ያርስ የነበረው የጉሙዝ ሕዝብ ፈቃዱን አልተጠየቀም። ሰፋሪውም በማኅበር እንዲያርስ ተደረገ እንጂ የራሴ የሚለው ማሳ አላገኘም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰፋሪ አካባቢውን ለቅቆ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በግጭት ከመተከል የተፈናቀሉ አያሌ ወገኖች በቻግኒ ተጠለሉ። ለዚህ ሁሉ መንሥኤው መሬት ብቻ ነው አይባልም፤ ነገር ግን ነባሩም መጤውም የማይተማመንበት መሬት ሰላም አይሰጥም።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ ድንበር ስትለኩ አዋሳኞች ሁሉ ይገኙ። የመበለቲቱና የወላጅ አልባው ልጅ ይዞታ በዘመድ ስም እንዳይመዘገብ ተቆጣጠሩ። የወል ግጦሽ ለብቻው ተለይቶ ይሰፍር። መዝገቡ በየወቅቱ ካልታደሰ ደብተሩ ከገበሬው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ወረቀት ይሆናልና ይህን ሥራ በትጋት እንድትፈጽሙ አደራ እላለሁ።