የወንዙ ቀንድ አውጣና እንዶዱ



ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከአሽዶድ ባሕር ዳር ዛጎል ለቅማ አመጣችልኝ። የወንዛችን ቀንድ አውጣ ትዝ አለኝ። እናቶቻችን ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ እኛ ልጆች ውሃው ውስጥ ስንንቦጫረቅ እንውል ነበር። ቀንድ አውጣውን ማን ልብ ብሎት!

ልብ ያሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አዩ። ለካ እንዶዱ ይገድለዋል! የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ያለን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ይህ ትል በሰው ሆድ ውስጥ ብዙ ዓመት ሊኖር፣ ምንም ሳይሰማንም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። አገር ስለቀየርን ትቶን አይቀርም። እኔ ለሐኪሜ ስለ ወንዙ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝም። ስነግረው አስመረመረኝ፣ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ የአንድ ቀን ክኒን ነበር።

ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ «ልጅ ሆኜ ወንዝ እዋኝ ነበር» በሉ። በልጅ ልጃችሁ ፊት ስለ ሰገራ ማውራት ካሳፈራችሁ፣ አስተርጓሚ ይጠራልን በሉ።