የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል?

(ሙዚቃው ዝቅ ይላል)

ሞተር ሳይክል ወይም ባለ አራት ጎማ የመስክ ሞተር ካለዎት «ዘይት ያው ዘይት ነው፤ የመኪናው ይበቃዋል» የሚል ምክር ሳይሰሙ አይቀሩም። አይቀበሉት።

ባለ ማርሽ መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ከሞተር ዘይት ጋር አይገናኝም። የብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን ግን እዚያው ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ይሠራል። ካምቢዮውም ያንኑ ዘይት ይጋራል። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ደግሞ ቤንዚን እንዲቆጥቡ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አላቸው። ያ ቅመም የፍሪሲዮኑን ሸራ ያንሸራትተዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይከተልም።

እናም ከመግዛትዎ በፊት የዕቃውን ጀርባ ያንብቡ። «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ 2» የሚል የደረጃ ምልክት ካለው ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተዘጋጀ ነው። «ኤምቢ» ከሆነ ይተዉት፤ እሱ በአብዛኛው የስኩተር ነው።

ውፍረቱስ? 10 ደብልዩ 40 ሲል የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው በጋለ ሞተር ውስጥ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ለደብረ ብርሃን ማለዳ የሚስማማው ለአፋር ቀትር ላይሆን ይችላል። የትኛው ውፍረት ለየትኛው የአየር ሙቀት እንደሚስማማ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ከሞተሩ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ አለ።

ብራንዱ፣ በእኔ እይታ፣ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ሻጩ ምልክቱን ካላሳየዎት ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።