ፍልሚያና የወንዝ ዳር



በሆሳዕና ተሰብስበን ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ስንመክር ውለን እኔ ስለ ፍልሚያ ልናገር መነሣቴ ሳያስደንቃችሁ አይቀርም። ነገሩ ግን የወንዝ ጉዳይ ነውና ከሙያችን አይወጣም።

በ1804 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በርና የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን በሽጉጥ ተፋለሙ። ቦታው ከኒው ዮርክ ማዶ፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር፣ ከዊሃውከን ገደል ሥር የተሸሸገ ጠባብ እርከን ነበር። ቀዛፊዎቹ በኋላ «አላየንም» ለማለት እንዲችሉ ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ። ሃሚልተን በማግሥቱ ሞተ።

ከዚህ ከሆሳዕና በስተምዕራብ ያለው ጊቤ ቁልቁል ሲወርድ ኦሞ ይባላል። በታችኛው ኦሞ ሙርሲዎች የሚፋለሙት በረዥም ዱላ፣ በዶንጋ ነው፤ የሚፋለሙትም ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በዳኛ ፊት ነው። የወደቀ አይመታም፤ የገደለ ካሣ አለበት። ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ክንድ ይሰበራል፣ ደምም ይፈሳል። ሆኖም ጀርባውን የሚያዞር ምስክር የለም። የዊሃውከን ሰዎች ከሕግ ሲሸሹ፣ እነዚህ ሕጋቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ።

የዊሃውከንን እርከን ያጠፋው ሕግ አይደለም። በ1870 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ተናደ፤ ማለትም የእኛው ሙያ ሰዎች አፈረሱት። ለዚያኛው ብዙ አላዝንም።

የኦሞው ነገር ግን ያሳስበኛል። ፍልሚያው የሚደምቀው እህል በገባበት፣ ሰው በጠገበበት ወቅት ነው። ከእህሉም ከፊሉ የሚበቅለው ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3፣ 1870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ ሁላችንም የምንኮራበት ሥራ ነው፤ ሐይቁም እስከ ሀዲያና ከምባታ ወሰን ይደርሳል። ሙላቱ ግን ቀረ። እህል በሌለበት ማን ለፍልሚያ ይጠራራል? የጠብና የኩራት መውጫ የነበረው ዱላ ሲቀር በስፍራው የሚተካው ጠመንጃ እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ መሣሪያው በአካባቢው ከገባ ቆይቷልና።

በጥናት ሰነዶቻችን ለተነሺ ቤት፣ ለእርሻና ለዛፍ ረድፍ አለን። እኔ ባለፈው የቅየሳ ሥራዬ «በዚህ ሜዳ የሚሰበሰበው ማን ነው?» የሚል ረድፍ ጨመርሁ። የቡድኑ መሪ «ይህ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው?» ሲል ጠየቀኝ፤ ረድፉን ግን አልሰረዘውም።